በአሮጌ ስፓርክ ማሽን ላይ የሊኑክስ ከርነልን ስለ ማረም

ሰን ማይክሮሲስተምስ የስፓርክ ፕሮሰሰርን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ባለ 64 ቢቱ አልትራስፓርክ በ1995 ተከተለ፤ ኩባንያው ራሱ በ2010 በኦራክል ተገዛ፤ ኦራክልም በ2017 ኤም8 የተባለውን ካወጣ ወዲህ ሌላ አዲስ የስፓርክ ፕሮሰሰር አላወጣም። ይሁን እንጂ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ ዛሬም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ይነሣል፤ የሚነሣውም አንድ ሰው በየጊዜው ማሽኑን አብርቶ፣ የተበላሸውን መርምሮ ስለሚያርም ነው። እኔም ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ይህንኑ ሥራ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ በቆየሁ ቁጥር እየጠነከረ የመጣ አንድ እምነት አለኝ፤ በአሮጌ አርክቴክቸር፣ ማለትም በአሮጌ የፕሮሰሰር ቤተሰብ ላይ የሚታይ የከርነል ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌው አርክቴክቸር ስህተት አይደለም። ሁላችንም በምንጠቀምበት ኮድ ውስጥ ያለ፣ የተለመደው ፕሮሰሰር በዝምታ ያሳለፈው ስህተት ነው። ይህን የምለው በጥቅሉ እንዳይሆን አንዱን ከመነሻው እስከ እርማቱ ልዘርዝረው።

ማሽኑ ሰን በ1998 ያወጣው አልትራ 5 ሲሆን፣ በ360 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አልትራስፓርክ ፕሮሰሰር አለው። ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ተወግዶ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ከብረታ ብረት ጋር በኪሎ ሊሸጥ ከተቀመጠበት ነው የገዛሁት። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ወዲያው ተነሣ፤ ነገር ግን የዘመዶቹ ሁሉ የታወቀ በሽታ ነበረበት። የማሽኑን መለያና የኔትወርክ አድራሻ የሚይዘው ቺፕ ባትሪው በውስጡ ታሽጎ ስለተሠራ፣ ባትሪው ሲያልቅ መለያው ይጠፋል፤ የኔትወርክ አድራሻው ስድስቱም ባይቶች 255 ሆነው ይነበባሉ። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ‘ኦኬ’ በሚለው የማስነሻ ፕሮግራሙ፣ የኦፕን ቡት፣ መጠየቂያ ላይ ቁጥሮቹን በእጅ መልሶ ማስገባት ይቻላል፤ ይህ ግን መብራት በሄደ ቁጥር ይደገማል። ስለዚህ መጋላ ያለ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ የቺፑን ጀርባ በጥንቃቄ ሞርዶ፣ የሞተውን ባትሪ ከመስመሩ ቆርጦ፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነውን የተለመደ ባትሪ በሁለት ሽቦ በየደልኝ። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አድራሻውን አልረሳም።

ከርነሉን የምገነባው በማሽኑ ላይ ሳይሆን በላፕቶፔ ላይ፣ ለሌላ ፕሮሰሰር የሚሆን ኮድ በሚያወጣ ክሮስ ኮምፓይለር ነው። የተገነባው ከርነል በኔትወርክ ኬብል ይጫናል፤ ፋይሎቹም ፋይልን በኔትወርክ በሚያጋራው በኤንኤፍኤስ ከላፕቶፑ ይቀርባሉ። ማሽኑ የሚለውን ሁሉ የማነበው በሲሪያል ኬብል፣ በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት ነው፤ ምክንያቱም ከርነል ሲወድቅ የመጨረሻ መልእክቱን ዲስክ ላይ ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም፣ በሲሪያል መስመር ግን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይናገራል። ይህን አደረጃጀት የመረጥሁት ስለ መብራትም ነው። መብራት ሳያስጠነቅቅ ሲሄድ ፋይሎቹ በላፕቶፑ ባትሪ ይጠበቃሉ፤ አልትራ 5ቱ ደግሞ መብራት ሲመለስ ከኔትወርክ እንደ አዲስ ይነሣል፤ የሚበላሽበት ዲስክ የለም።

የድሬዳዋ ሙቀት ግን ከመብራቱ ይልቅ ለዚህ ሥራ ከባድ ነው፤ ማሽኑ ስለሚቃጠል ሳይሆን ማስረጃን ስለሚያበላሽ። ያረጀ ሃርድዌር በቀትር ሙቀት ሲስት፣ የሚታየው ነገር የከርነል ስህተት ከሚያሳየው በአንድ እይታ ሊለይ የማይችል መውደቅ ነው። ስለዚህ አንድን መውደቅ የከርነል ስህተት ነው ከማለቴ በፊት አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ እደግመዋለሁ፤ የሜሞሪ ካርዶቹንም ቦታ አቀያይራለሁ። የታመመ ሃርድዌር አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ቦታ ይጥላል፤ ዛሬ በፋይል ሥርዓቱ፣ ነገ በኔትወርኩ። የኮድ ስህተት ግን በተመሳሳይ ተግባር ላይ፣ በተመሳሳይ ትእዛዝ አጠገብ ይደጋገማል። ይህን ሳያጣሩ ለከርነሉ ጠባቂዎች አቤቱታ መላክ የሌላውን ሰው ሌሊት በከንቱ ማባከን ነው፤ አሮጌ ማሽን ይዞ የሚናገር ሰው ቃሉ የሚታመነው ይህን ጥንቃቄ ሲያደርግ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስህተቱ ልግባ። የማሽኑ የራሱ የኔትወርክ መሰኪያ በኤንኤፍኤስ ስለተያዘ፣ ለሙከራ የሚሆን ሁለተኛ መሰኪያ አስፈለገኝ። በማሽኑ የማስፋፊያ መሰኪያ፣ በፒሲአይ፣ የዩኤስቢ ካርድ ጨምሬ፣ በእሱ ላይ ርካሽ የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተር ሰካሁ። አዳፕተሩን የሚያንቀሳቅሰው የከርነል ክፍል፣ ድራይቨሩ፣ ያለ ቅሬታ ተጫነ፤ የመስመሩ መብራትም በራ፤ ነገር ግን አንድም ፓኬት፣ ማለትም የኔትወርክ መልእክት ጥቅል፣ ወደ ውስጥ አልገባም። ያው አዳፕተር በላፕቶፑ ላይ ያለ እንከን ይሠራል።

ይህ አዳፕተር የመጡለትን ፓኬቶች አንድ በአንድ አያቀብልም፤ ብዙዎቹን በአንድ የዩኤስቢ ዝውውር ውስጥ ደርድሮ ይልካል። ከእያንዳንዱ ፓኬት ፊት የፓኬቱን ርዝመት የሚናገሩ አራት ባይቶች አሉ፤ አቀማመጣቸውም ትንሿ ባይት ቀድማ ነው። ኢንቴልም ቁጥርን የሚያስቀምጠው እንዲሁ ትንሿን አስቀድሞ ስለሆነ፣ ድራይቨሩን የጻፈው ሰው አራቱን ባይቶች እንዳሉ እንደ አንድ ቁጥር አንብቦ አለፈ። ስፓርክ ግን ትልቋን ባይት ያስቀድማል። በየመጣው ፓኬት ላይ ርዝመቱን እንዲያትም በድራይቨሩ ውስጥ ፕሪንትኬ የተባለውን የከርነል ማተሚያ ተግባር የሚጠራ አንድ መስመር ጨመርሁ፤ በሲሪያል መስመሩ የመጣልኝም 1,073,741,824 የሚል ቁጥር ነበር። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የተዘበራረቀ አይደለም፤ 64ን በ16,777,216 ብናበዛው የምናገኘው ነው፣ 16,777,216 ደግሞ 256 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲበዛ የሚሰጠው ውጤት ነው። የ64 ባይት ፓኬት መጥቶ፣ 64 የምትለዋ ባይት ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ቦታ ተዛውራ ተነብባለች ማለት ነው። ድራይቨሩ ርዝመቱ ከመያዣው እንደሚበልጥ አይቶ ዝውውሩን በሙሉ ይጥለዋል። ያ ማጣሪያ ባይኖር ኖሮ ከመያዣው ውጭ ያለ ሜሞሪ ይነበብ ነበር፤ ስለዚህ ጸሐፊው በዚህ በኩል መመስገን ይገባዋል።

ከርነሉ ለዚህ ዓይነት ቁጥሮች የተለየ ዓይነት ስም አለው፤ ትንሿ ባይት የቀደመችበት ባለ 32 ቢት ቁጥር በዚያ ስም ከተሰየመ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2003 የጀመረው ስፓርስ የተባለው የኮድ መርማሪ ሳይገለበጥ ሲነበብ ያስጠነቅቃል። በዚህ ድራይቨር ውስጥ ግን ቁጥሩ ተራ ቁጥር ተብሎ ስለተሰየመ መርማሪውም ዝም አለ።

የባይቶቹን ቅደም ተከተል አስተካክዬ ከርነሉን እንደገና ጫንሁ፤ ግንኙነትን በትንሽ መልእክት የሚፈትነው ፒንግ ምላሽ ማግኘት ጀመረ። አንድ ትልቅ ፋይል ማስተላለፍ ስጀምር ግን ፍጥነቱ ወረደ፤ በሲሪያል መስመሩም ከርነሉ ባልተስተካከለ አድራሻ ሜሞሪ እንዳነበበ የሚገልጽ መልእክት፣ ከነትእዛዙ አድራሻና ከነተግባሩ ስም፣ ይወርድ ጀመር። የመጀመሪያው ስህተት ሁለተኛውን ከልሎት ኖሯል፤ ድራይቨሩ ከመጀመሪያው ርዝመት አልፎ ሁለተኛውን አንብቦ አያውቅም ነበርና።

ስሌቱን አብረን እንየው። ሙሉ የኢተርኔት ፓኬት 1514 ባይት ነው፤ ከፊቱ ያለው የርዝመት ምልክት 4 ባይት ሲጨመርበት 1518 ይሆናል። በአንድ ዝውውር ውስጥ የመጀመሪያው ምልክት ከ0 ይጀምራል፤ ሁለተኛው ከ1518 ይጀምራል፤ ሦስተኛው ከ3036። ስፓርክ አራት ባይት በአንድ ጊዜ የሚያነበው አድራሻው ለ4 ያለ ቀሪ ሲካፈል ብቻ ነው። 1518 ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ 3036 ግን በትክክል ይካፈላል። ስለዚህ ፋይል ሲተላለፍ ከየሁለቱ ፓኬቶች የአንዱ ርዝመት ባልተስተካከለ አድራሻ ይነበባል። ፒንግ ሲሆን ግን በየዝውውሩ አንድ ፓኬት ብቻ ስለሚመጣ ምልክቱ ሁልጊዜ በ0 ላይ ነው፤ ችግሩም አይታይም። ባልተስተካከለ አድራሻ ላይ ፕሮሰሰሩ ሥራውን አቋርጦ ከርነሉን ይጠራል፤ ከርነሉም የተሳነውን ትእዛዝ ፈትቶ፣ ባይቶቹን በየተራ ሰብስቦ፣ ውጤቱን በፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መያዣ፣ በሬጂስተሩ፣ አኑሮ ይመለሳል። ውጤቱ ትክክል ነው፤ አንድ ትእዛዝ የነበረው ግን ረጅም የዕርዳታ ጉዞ ሆኗል። ይኸው ነገር በተራ ፕሮግራም ውስጥ ቢፈጸም ፕሮግራሙ እዚያው ይገደል ነበር።

መልእክቱ የሰጠኝን አድራሻ ይዤ የተገነባውን ድራይቨር ወደ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞች ጽሑፍ፣ ወደ አሴምብሊ፣ ፈታሁት፤ ያ አድራሻ የሚያመለክተው አራት ባይት የሚጭነውን፣ ርዝመቱን የሚያነበውን ያንኑ መስመር ነበር። ለዚህ የሚሆን ተግባር በከርነሉ ውስጥ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል፤ ጌት አንአላይንድ ኤልኢ 32 ይባላል፤ አድራሻው የትም ቢሆን አራት ባይቶችን ያነብባል፣ ትንሿ ባይት ቀድማ እንደተቀመጠች ቆጥሮም ቁጥሩን ይሰጣል። ሁለቱንም ስህተቶች ያረመችው ይህች አንዲት መስመር ናት። በኢንቴል ላይ ኮምፓይለሩ ከእርሷ የሚያወጣው ቀድሞ የነበረውን ያንኑ አንድ ትእዛዝ ስለሆነ፣ እርማቱ ማንንም ምንም አያስከፍልም። ደስ ያሰኘኝ ሌላም ነገር አለ። ጸሐፊው ፓኬቱን ራሱን ወደ ከርነሉ ሲያስተላልፍ በፊቱ ሁለት ባይት ክፍት ቦታ ትቷል፤ የኢተርኔት ራስጌ 14 ባይት ስለሆነ፣ በዚህ ክፍት ቦታ የተነሣ ከእርሱ የሚቀጥለው የአይፒ ራስጌ ከ16 ይጀምራል፣ የተስተካከለም ይሆናል። ስለ ሌሎች አርክቴክቸሮች ያሰበ ሰው ነው ማለት ነው፤ የጎደለው ኮዱን በእነርሱ ላይ አስነስቶ የሚነግረው ሰው ነበር።

እርማቱን የያዘውን ፋይል፣ ፓቹን፣ በላክሁ ጊዜ በመግለጫው ውስጥ ሁለቱን ምልክቶች ለየብቻ ጻፍሁ፤ ስህተቱ የገባበት ለውጥ (ኮሚት) የሚታወቅበትን መለያ የመጀመሪያ 12 ፊደላት በሚገባው መስመር ላይ አሰፈርሁ። ይህ መስመር ቀላል ነገር ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው፤ የቆዩትን የከርነል እትሞች የሚጠብቁ ሰዎች የትኞቹ እትሞች እርማቱን እንደሚያስፈልጋቸው የሚለዩት በእርሱ ነው። ፓቹን የመረመረው ሰው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኢንቴል ላይም መሞከሬን። ሞክሬው ስለነበር ተቀበለው። ከእርማቱ የሚጠቀሙት የስፓርክ ባለቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ትልቋን ባይት የሚያስቀድም የሚፕስ ፕሮሰሰር ያላቸውና የዩኤስቢ መሰኪያ ያላቸው ራውተሮች በየቤቱ አሉ፤ ሊኑክስ የጫነባቸው ሰው ይህን አዳፕተር ቢሰካ ያው ችግር ይጠብቀው ነበር።

በዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር አንድ የሰፈሬ ልጅ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲያይ ቆይቶ፣ «አቦ ጋሼ፣ ይሄን ሽማግሌ ከምታስታምም እንደኔ ራስበሪ ፓይ አትገዛም?» አለኝ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ መልሱም በዚሁ ስህተት ውስጥ አለ። በራስበሪ ፓይ፣ በዚያ ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሲሠራ ትንሿ ባይት ቀዳሚ ናት፤ ፕሮሰሰሩም ካልተስተካከለ አድራሻ ያለ ቅሬታ ያነብባል። ሁለቱንም ስህተቶች እንደ ኢንቴል በዝምታ ያሳልፋቸው ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ከገባ ጀምሮ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለዚህች ከተማ ምን እንደነበረ ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልገኝም፤ መለዋወጫው ከውጭ ሳይመጣ ሲቀር በቶርኖ ራሳቸው ቀርጸው የሚያወጡ ሠራተኞች ነበሩበት፣ አንድ ዕቃ ልኩን የሳተ እንደሆነ ደግሞ ማሽኑ ራሱ አልገጥምም ይላል። ስፓርክም ለከርነሉ ኮድ እንዲህ ያለ መለኪያ ነው፤ ልኩን ያልጠበቀውን አልቀበልም ይላል።

ለምን ማሽኑን በሶፍትዌር በሚመስል ኢሙሌተር አትሠራም የሚሉኝም አሉ። ኪውኢሙ በተባለው ኢሙሌተር እጠቀማለሁ፤ ከርነሉ መነሣቱን ለማየትና ጊት ባይሴክት ለማድረግ የሚያህለው የለም። ከአንድ የከርነል እትም ወደ ቀጣዩ ከአሥር ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ፤ እየከፈሉ በግማሽ ሲፈልጉ ግን ጥፋተኛውን ለውጥ ለማግኘት ዐሥራ አራት ያህል ግንባታ ይበቃል፤ ይህን ኢሙሌተሩ ያለ እኔ ሊፈጽመው ይችላል። ነገር ግን ኢሙሌተሩ የሌለው ነገር አለ፤ እርሱም ካሼ፣ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ፣ ነው። አልትራስፓርክ 16 ኪሎባይት የዳታ ካሼ አለው፤ ካሼው ቦታ የሚመድበው ፕሮግራሞች በሚያዩት፣ በቨርቹዋል አድራሻ ሲሆን፣ ሜሞሪው የሚከፋፈልበት ገጽ የሚባለው ቁራጭ ደግሞ 8 ኪሎባይት ነው። ስለዚህ አንድ የሜሞሪ ገጽ በሁለት አድራሻዎች ቢታይ፣ በካሼው ውስጥ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊቀመጥ ይችላል፤ በአንደኛው አድራሻ የተጻፈው በሌላኛው ሲነበብ አሮጌው ሆኖ ይገኛል። ከርነሉ ይህን ለመከላከል ካሼውን በተገቢው ጊዜ እንዲያጸዳ የተሰጠ ትእዛዝ አለ፤ አንድ ድራይቨር ትእዛዙን ቢረሳ በኪውኢሙ ላይ ምንም አይታይም፤ በእውነተኛው ማሽን ላይ ግን ፋይሎች በመሃላቸው ጥቂት አሮጌ ባይቶችን ይዘው ይገኛሉ። ከሁሉ የምፈራው ይህን ዓይነቱን ነው፤ ምንም አይጥልም፣ ምንም አያትምም፣ ዳታን ብቻ ያበላሻል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል፣ የስፓርክ የራሱ የሆነ ስህተት በ2025 ታርሟል። ከርነሉ ከፕሮግራም ሜሞሪ ወደ ራሱ ዳታ የሚቀዳበት ተግባር በየአልትራስፓርክ ትውልዱ በእጅ የተጻፈ አሴምብሊ ነው። ቅጂው በመሃል የሌለ ገጽ ቢያጋጥመው ሳይቀዱ የቀሩትን ባይቶች ብዛት በትክክል መመለስ አለበት፤ ለዚህም ሊሰናከል ለሚችል ለእያንዳንዱ የመጫንና የመጻፍ ትእዛዝ፣ በዚያች ቅጽበት በየትኛው ሬጂስተር ውስጥ ስንት እንደቀረ የሚያውቅ የማረሚያ ኮድ ተያይዟል። ኮዱ ለፍጥነት ሲባል ብዙ ባይቶችን ቀድሞ እየጫነ በኋላ ስለሚጽፍ፣ ያን ቁጥር በትክክል ማወቅ እጅግ አድካሚ ነው፤ በበርካታ ትውልዶች ላይም ቁጥሩ የተሳሳተ ነበር። ገጾቹ በቦታቸው እስካሉ ድረስ ስህተቱ አይገለጥም፤ በሌላ የከርነል ክፍል አዲስ ለውጥ ሲገባና ያ መንገድ ሲዘወተር ግን ማሽኑ ያለ ግልጽ ምክንያት ይወድቃል። ይህን መስመር በመስመር ተከታትለው ያረሙትን ሰዎች ሥራ ሳነብ ያደረብኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ኮድ ደፍሮ የሚገባበት ሰው ጥቂት ነው።

ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ2018 የወጣው የሊኑክስ 4.17 ስምንት አርክቴክቸሮችን በአንድ ጊዜ አስወገደ፤ የኢንቴሉ ኢታኒየምም በጥር 2024 በወጣው 6.7 ተከተላቸው። ውሳኔዎቹ ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም የማያስነሳው ኮድ በውስጡ ያለው ትክክል ይሁን ስህተት የሚያውቅ የለምና፣ ሌላውን ኮድ የሚያሻሽሉ ሰዎችን ግን ዘወትር ይጎትታል። የሊኑክስ ሥርጭት የሆነው ዴቢያንም ከ2015 ወዲህ ስፓርክን ከዋናው እትም አውጥቶታል፤ ባለ 64 ቢቱ አሁን የሚኖረው ከዋናው ውጭ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ነው። ስለዚህ አዲስ እትም ለመውጣት ሲዘጋጅ፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በአልትራ 5ቱ ላይ አስነሥቼ ተነሥቷል ወይም አልተነሣም ብሎ መጻፍ ራሱ ሥራ ነው፤ ስህተት በገባ በሳምንቱ ሲገኝ ለማረም ቀላል ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሲገኝ ግን የጻፈው ሰውም ምን አስቦ እንደነበር አያስታውሰውም።

አሁን በእጄ ያለው ጉዳይ የገጽ መጠን ነው። አንድ የፒሲአይ ካርድ ድራይቨር መያዣውን በየ4096 ባይት ይከፋፍላል፤ የኢንቴል ገጽ 4096 ስለሆነ ቁጥሩ በኮዱ ውስጥ እንዳለ ተጽፏል። በስፓርክ ላይ ገጹ 8192 ስለሆነ የየገጹ ሁለተኛ አጋማሽ ባዶ ሆኖ ይነበባል። ይህ ስህተት ግን በራስበሪ ፓይም ላይ ሊታይ ይችላል፤ የራስበሪ ፓይ 5 የተለመደው ከርነል የሚገነባው በ16 ኪሎባይት ገጽ ነው። የሰፈሬ ልጅ ያለው ፓይ 5 ነው፤ የፒሲአይ ማገናኛ ሰሌዳም አግኝቷል። በሚመጣው ቅዳሜ ካርዱን በመጀመሪያ በእርሱ ማሽን፣ ከዚያ በአልትራ 5ቱ ላይ እንሞክረዋለን፤ በሁለቱም ላይ ባዶ ሆኖ የሚነበበው ቦታ ከገጹ መጠን ጋር አብሮ ከተለወጠ፣ ፓቹን የሁለታችንን ውጤት ይዞ እልከዋለሁ።